አንጥረኛው ጳጳስና ባሌ ኩማ

ያንን ፈረንጅ ቅዱስ አልወደውም። ቅድስናውን አልክድም፤ ከሞተ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ስሙ እዚህ አዋሳ ድረስ ከተነሣ፣ እኔ ደብሪቱ ማን ነኝና ነው የምክደው? ግን አልወደውም። ድሮ ይህን በባሌ በኩማ ፊት እለው ነበር። እሱም መዶሻውን ያስቀምጥና መሬት መሬቱን ያያል። እንደሚያመው እያወቅሁ ነበር የምለው። ዛሬ ዛሬ እሱ በሌለበት ብቻ ነው የምለው።

የቅዱሱ ስም ኤሊጆ ነው። እኛ ከጣልያን ሚሲዮናውያን የሰማነው እንደዚህ ነው፤ በአገሩ ሌላ ይሉት ይሆናል። አገሩ የፍራንኮች አገር ነው፣ ዛሬ ፈረንሳይ የሚባለው። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ወርቅ አንጣሪ ነበር። ኩማ ይሠራበት በነበረው በሚሲዮኑ የብረታ ብረት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕሉ ተሰቅሎ ነበር፤ የጳጳስ ቆብ ደፍቶ፣ በአንድ እጁ በትር፣ በሌላው መዶሻ ይዞ።

መዶሻ የያዘ ጳጳስ! ይህ ለኩማ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የቀጥቃጭ ልጅ ሆኖ ማደግ ያስፈልጋል። ከአርሲ በኩል ነው የመጣው። አባቱ በሠራው ማረሻ አገሩ ሁሉ ያርሳል፤ አባቱን ግን ከደጃፍ አሳልፎ "ግባ፣ ተቀመጥ" ያለው ሰው አልነበረም። የጎረቤት ልጅ ከታመመ ኩማን ከመንገድ ያባርሩት ነበር፣ ዓይኑ እንዳያርፍበት። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው አንድ ቄስ "ይህ አንጥረኛ ነው፤ ነገሥታት ከጎናቸው ያስቀምጡት ነበር" አሉት። ከዚያ ወዲያ ኩማን ከዚያ ሥዕል ማን ይለየዋል?

የእኔ ቤተሰቦች ከሸዋ በመንግሥት ሥራ የመጡ ናቸው። ኩማ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ "ልጄን ለቀጥቃጭ!" ብሎ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። እናቴ የአንገቷን መስቀል ጨብጣ አለቀሰች። በሠርጌ ቀን ከወገኖቼ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ አምሳሉ። የታሪክ አስተማሪ ነበር፣ ቀልድ የማያልቅበት። ሙሽራው ጎን ተቀምጦ ከአንድ ሳህን አብሮት በላ፤ ሰው ሁሉ እያየ። "አደራህን፣ ይቺ ልጅ ብረት ናት፤ ስትግል እንዳትነካት" አለው። ኩማ ከዚያ ቀን ጀምሮ አምሳሉን ከራሱ ወንድሞች አብልጦ ይወደው ነበር። ይህን የምናገረው ጥላቻ ነበረው ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው።

የብረታ ብረት ቤቱን የሚመሩት አባ ጁሊዮ የሚባሉ ጣልያን ቄስ ነበሩ። የኤሊጆ ቀን ኅዳር ሃያ ሁለት ነው፣ ጽዮን ማርያምን ባከበርን በማግስቱ። በየዓመቱ በዚያ ቀን አባ ጁሊዮ ሠራተኞቹንና ሚስቶቻቸውን ምሳ ይጋብዛሉ። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ጾም ስለሆነ እነሱ ሥጋ ሲበሉ እኔ ሽሮዬን ይዤ እቀመጣለሁ። "አባ፣ በስንክሳር የሌለ ቅዱስ ለምን ያስጎመጀኛል?" እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። ከምሳ በኋላ ታሪኩን ይነግሩናል። በየዓመቱ ያው ነው፣ እኛም በየዓመቱ እንሰማለን።

ንጉሥ ክሎታር ወንበር እንዲሠራለት ለኤሊጆ ወርቅ ሰጠው። ኤሊጆ ከዚያው ወርቅ ሁለት ወንበር ሠርቶ መጣ። ንጉሡ ተገረመ፤ ሌላ አንጣሪ ቢሆን ትርፉን ሰርቆ "እሳት በላው" ይል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊጆ በቤተ መንግሥት የታመነ ሰው ሆነ። በታመነበትም ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛው፣ ባሪያ የጫነ መርከብ በመጣ ቁጥር እየሮጠ ሄዶ ሰዎቹን ገዝቶ ነፃ ይለቅቃል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ መታጠቂያውንና ልብሱን ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ነገሥታቱ ያስገደሏቸውን ሰዎች፣ በእንጨት ላይ የተሰቀሉትንም ጭምር፣ አውርዶ ለመቅበር ፈቃድ ለመነና ተፈቀደለት።

እኔ የመርከቡን ነበር የምወደው። ኩማ ግን የሙታኑን። "የሞተ ሰው ብድር አይመልስም፤ ለእሱ የሚደረግ ነገር ንጹሕ ነው" ይለኝ ነበር ወደ ቤት ስንመለስ። እኔም እስቅበታለሁ። በዚያን ጊዜ አዋሳ መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ አይታ አታውቅም ነበር።

በ1970 ሁሉም ተገለባበጠ። አባ ጁሊዮ አገራቸው ገብተዋል፤ የብረታ ብረት ቤቱ የቀበሌው ማኅበር ሆኗል። ጥር ውስጥ አምሳሉን ከክፍል አውጥተው ወሰዱት፣ ጠመኔው በእጁ እንዳለ። ከጠረጴዛው መሳቢያ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ አሉ። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ራሱ ይሁን ሌላ ሰው። የታሰረው በቀበሌያችን ነው። የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሠላሳ ምናምን ሰው ታጉሮበታል። በየቀኑ ምሳ ወስጄ ለጠባቂው እሰጣለሁ። እሱን ግን አያሳዩኝም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ይልማ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ብዙ ሰው ሂሳብ ሲከፍለው ፊቱን እንኳ አያየውም ነበር። አሁን የሚያየው ሰው በዛለት። ጨካኝ ነው ብል በቂ አይሆንም። ሰው ሲለምነው የሚወድ ሰው ነው። ሴቶች እግሩ ላይ ሲወድቁ አንዳንዴ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ይነሣል፤ ለምን እንደሰጠና ለምን እንደነሣ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

የካቲት ላይ የመጋዘኑ የእንጨት በር ተሰነጠቀ። ይልማ ኩማን ጠርቶ የብረት በር እንዲሠራ አዘዘው፣ ለልባጩ ላሜራ፣ ለማዕቀፉ ቱቦላሬ የሚሉትን የብረት ቱቦም አስጫነለት። ያን ቀን ቤት ውስጥ የተናገርኩትን አሁን ልድገመው አልፈልግም። "የወንድሜን መዝጊያ ልትሠራ ነው? እሱ በሠርግህ ቀን ከሳህንህ በላ፤ አንተ ትቆልፍበታለህ?" ከዚህም የባሰ ተናግሬያለሁ። የአባቱን ሥራ ጠርቼ ሰድቤዋለሁ። ኩማ ስጨርስ "ሌላ ሰው ከሠራው ሙሉ ላሜራ ይለብጠዋል። ውስጥ ያሉት አየር የላቸውም፣ ደብሪቱ" አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ላሜራውን ትቶ ዘንግ ዘንጉን ብቻ አሰለፈ፣ አየርና ብርሃን እንዲገባ። በሩን ሲገጥም አምሳሉን ለአፍታ አየው። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። "ኩማ፣ መስኮት ሠራህልን" ብሎ ሳቀ። ኩማ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ፤ እኔ ግን አልራራሁለትም።

ያ ከላይ የተረፈው ላሜራ ነው እንግዲህ ጉዱን ያመጣው። ኩማ ሸጦ አልበላውም፣ ለሰውም አልሰጠም። የቀበሌው ወረቀት በየወለሉ ተከምሮ አይቶ ነበርና ባለ አራት መሳቢያ የፋይል ሳጥን ሠርቶበት በጋሪ ጭኖ ወሰደ። ስሠራው ኤሊጆን አላሰብኩም ይላል። አምነዋለሁ፤ እሱ ብረት ሲባክን አይወድም፣ ያ ነው። ግን ሳጥኑን ከጋሪው ሲያወርድ ነገሩ ምን እንደሚመስል ገባው። ከአንድ ሰው ብረት ሁለት ዕቃ ሠርቶ ወደ ሹም ፊት መምጣቱ ነው።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ነበር፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ። ደረታቸው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። ማንም እንዳያነሣቸው፣ ማንም እንዳያለቅስ ትእዛዝ አለ። ዓሣ ሊገዙ ወደ አሞራ ገደል የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ቀየሩ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ አሞሮች ግን መንገድ አልቀየሩም፤ ከዓሣው ገበያ እየተነሡ መጥተው በዚያ በትልቅ አፋቸው ሬሳዎቹ አጠገብ ይቆማሉ። ከሦስቱ ሟቾች አንዷ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ነበረች። ኩማ ጋሪውን እየገፋ በየቀኑ በዚያ ያልፋል። አራት ቀን ሙሉ ቤት ገብቶ አልበላም።

ሳጥኑን ይዞ የሄደ ዕለት እኔም ምሳ ይዤ ቀበሌው ግቢ ቆሜ ነበር። ቀትር ላይ ነው። ይልማ ከቢሮው ወጥቶ በሩን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ መሳቢያውን ሳብ መለስ አደረገ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከበሩ ከተረፈው ላሜራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ከበሩ? ብትሸጠው ማን ያውቅብህ ነበር?" ይልማ ጠባቂዎቹን ዞር ብሎ አያቸውና ሳቀ። "አያችሁ? አብዮቱ የሚፈልገው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው። ጓድ ኩማ፣ ጠይቀኝ። በዚህ ቀበሌ የምችለውን አደርግልሃለሁ።"

ይህን ብሎ ወደኔ ተመለከተ። በእጄ የያዝኩትን ምሳ ዕቃ አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ። የማን እህት እንደሆንኩ ያውቃል። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ አስተያየቱ ይታየኛል።

በልቤ "አምሳሉ በል" አልኩ። "አምሳሉ በለው፣ ኩማ። እመቤቴ፣ አፉን ክፈቺለት።"

ኩማ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። "ጓድ ሊቀመንበር" አለ፣ "መንገድ ዳር ያሉትን ሦስቱን እንድቀብራቸው ይፍቀዱልኝ። ከዚህ በኋላ የሚወድቁትንም።"

ይልማ ጆሮውን ያላመነ መሰለ።

"ሬሳ? ሬሳ ነው የምትጠይቀኝ?"

"አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

አንቺስ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ሦስት እርምጃ ነበር የሚለየን። እግሩ ላይ ብወድቅ ይበቃ ነበር። ምሳ ዕቃው ከእጄ እንዳይወድቅ ብቻ ነበር የማስበው። በኩማ የተናደድኩት ንዴት ግማሹ በራሴ ላይ ነው። ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ይልማ ትከሻውን ነቅንቆ ገባና ባለማኅተም ወረቀት ይዞ ወጣ። "በቀን ትቀብራለህ። ልቅሶ የለም፤ ድንኳን የለም። አንድ ሰው ሲያለቅስ ካየሁ አንተን ነው የምጨምርበት" አለው።

ቤት ስንደርስ ኩማ በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። "ስሙን ብጠራው ያስታውሱታል ብዬ ፈራሁ" አለኝ። "ሠላሳ ሰው መካከል ተረስቶ ነው ያለው። ስሙ ከተነሣ እምቢ ይለኛል፣ ከዚያ በዚያው ሳምንት ያወጡታል። ሙታኑን ግን ማንም አይገድላቸውም።"

"ፈሪ ነህ" አልኩት። "ያንተ ቅዱስ መርከብ ላይ ሮጦ ይወጣ ነበር፤ አንተ የወጣኸው ሬሳ ላይ ነው።"

ግን አብሬው ሄድኩ። ለልጅቷ ስል ነው የሄድኩት፤ ወንድ ገላዋን እንዳይነካ። ጽጌሬዳ ትባላለች፤ ደብተሯ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ስሟ በቆንጆ ጽሕፈት ተጽፎበታል። ከሐይቁ ውኃ ቀድቼ አጠብኳት። ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር ያለበት ሜዳ ላይ ቀበርናቸው። ኩማ በየራስጌያቸው አንዳንድ የፌሮ ቁራጭ በመዶሻ መትቶ አፈር እስኪውጠው አስገባ። ቁጥር ቀርጾበታል፤ የትኛው የማን እንደሆነ በልቡ ይዟል። እንዳናለቅስ ስለተከለከልን ቆፍረን፣ ደፍነን፣ እጃችንን ታጥበን ተመለስን።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የቀበሌ ዘበኛ መጥቶ "ኩማ፣ ሥራ አለህ" አለ። ለበር ወይም ለመስኮት መስሎን ነበር። መንገድ ዳር አምስት ሰዎች ነበሩ። አምሳሉ ከጫፍ ሁለተኛው ነው። አንድ ጫማው የለም። ከመጋዘኑ ያወጧቸው በዕጣ ይሁን በዝርዝር አልተነገረንም፤ ስሙን ማንም አልጠራውም ነበር፣ ግን ተወሰደ።

ይልማ ሊያይ መጥቶ ነበር። ኩማ ወንድሜን አቅፎ ወደ ጋሪው ሲያነሣ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሞኝ" አለው። "እሱን ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። የዚያን ቀን እሱን ነበር የጠበቅሁት። አንተ ሬሳ ጠየቅኸኝ፤ ይኸውልህ።"

ኩማ የቆመበት ቀረ። አምሳሉን ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

አምሳሉንም ቀበርነው፣ ያለ ልቅሶ፣ ፌሮውም ተመታለት። ስንመለስ ኩማ መንገድ ላይ ቆመና "ዋሽቶ ነው" አለኝ። "ሊያቃጥለኝ ብሎ ነው፣ ደብሪቱ። እንደዚያ ያለ ሰው አይሰጥም። ዋሽቶ ነው፣ አይደል?"

ጋሪውን ከእጁ ወስጄ እየገፋሁ ቀደምኩት።

ኩማ በዚያ ዓመት አርባ ሦስት ሰው ቀበረ። ነገሩ ከበረደ በኋላ እናቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። በግልጽ መጠየቅ አይቻልም፤ ደህናውን የከሰል ምድጃ ወይም ማንቆርቆሪያ ይዘው "ይበየድልኝ" እያሉ ይመጣሉ። ኩማ ስም ይጠይቃቸዋል፣ ከዚያ ምድጃውን ትቶ ወደ ግራሩ ሜዳ ይወስዳቸዋል። ሲመለሱ እጁን ይስማሉ፣ ጉልበቱን ይስማሉ። ያንን ሁሉ ዓመት የቀጥቃጭ እጅ ያልጨበጡ ሰዎች ናቸው። አንዷ "አንተ ቅዱስ ነህ" ስትለው ሰማሁና መረረኝ። ወዲያው ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እሱ ግን ያንን ጥያቄ አልተወውም። በዓመት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ በኤሊጆ ቀን፣ "ይልማ ዋሽቶ ነው፣ አይደል?" ይለኛል። እኔም ሽንኩርቴን እከትፋለሁ ወይም ልብሴን አጣጥፋለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው። ስምንት ዓመት ነፈግሁት። ጸጉሩ ሲሸብት፣ እንቅልፍ አጥቶ ግቢው ውስጥ ሲዞር እያየሁ ነፈግሁት።

ይልማ ራሱ ብዙም አልቆየም። በዚያው ዓመት ክረምት "ሠርጎ ገብ" ተብሎ በጓዶቹ ተገደለና እሱንም ኩማ ቀበረው። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በ1978 ግንቦት፣ የይልማ ሚስት ፀሐይ መጣች። ማንቆርቆሪያ ይዛ ነበር። ኩማ መስኮት ሊገጥም ሄዶ ስለነበር እኔ ነኝ የተቀበልኳት። ማን እንደሆነች ሳውቅ ላባርራት ነበር። አላባረርኳትም። ሴቶቹ ሁሉ የሚመጡበትን ፊት ይዛ ነው የመጣችው። ወደ ሜዳው ወሰድኳትና ቦታውን አሳየኋት። ተቀምጣ አፈሩን በእጇ ዳሰሰች።

ከዚያ ጠየቅኋት። "ፀሐይ፣ ባልሽ ወንድሜን እሰጠው ነበር ብሎ ነበር። እውነት ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ልትዋሽልኝ የፈለገች ይመስለኛል፤ ግን የባሏ መቃብር ላይ ተቀምጣለች።

"እውነት ነው፣ እትዬ ደብሪቱ" አለች። "ሳጥኑን ያመጣለት ዕለት ነው። ከታሰሩት አንዱ የበር ሠሪው ሚስት ወንድም መሆኑን ሰምቶ፣ መለመኑ አይቀርም ብሎ ወረቀቱን አስቀድሞ ጽፎት ነበር። ሸሚዙን ሳጥብ ከኪሱ አገኘሁት። ማኅተም አለበት፤ 'አምሳሉ በነፃ ይለቀቅ' ይላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ 'ሰውዬው አልጠየቀኝም' አለኝ።"

"ታዲያ ሳይጠየቅስ ለምን አልለቀቀውም?"

"ሳይለምኑት አይሰጥም ነበር" አለች። "እንደዚያ ነበር እሱ።"

ሌላ አልጠየቅኋትም። እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ከዚያ ተመልሼ አምሳሉ ጋ ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። አንድ ቃል። ኩማ አንድ ቃል ቢናገር፣ እኔ አንድ ቃል ብናገር። ወረቀቱ ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነበር፣ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ።

ኩማ ከሥራ ሲመለስ ገና አልመሸም። ማን እንደመጣ ነገርኩት። መሣሪያውን አስቀምጦ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ እነዚያን ጠባሳ የበዛባቸውን እጆች።

"ስለዚያ ነገር አነሣችልሽ?" አለኝ።

"አንሥታልኛለች።"

"ምን አለች?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ዋሽቶ ነው አለችኝ" አልኩት። "ለሁሉም እንደዚያ ይል ነበር አለች። ማንንም አልለቀቀም፣ ሊለቅም አላሰበም። ብትጠይቀው ኖሮ እዚያው ይገድለው ነበር።"

ኩማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። "አላልኩሽም?" ይለኛል በለቅሶው መካከል። "አላልኩሽም፣ ደብሪቱ?"

"ብለኸኛል" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩማ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጎኑ ተኝቼ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። እኔን አይወስደኝም።